ከታች ያለው ረጅም ጽሑፍ

«ልጅ አይዋሽም» የሚል ሰው ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ይህን ያለው ሰው ወይ ልጅ አሳድጎ አያውቅም፣ ወይ ደግሞ አንድን ልጅ ለምስክርነት ፈልጎ ነበር። ልጅ ያየውን ይናገራል፤ ይሁን። ያየው ነገር ምን እንደሆነስ ማን ነገረው? እኔ በአሥር ዓመቴ በአባቴ ላይ መስክሬያለሁ። የተናገርኩት ሁሉ በዓይኔ ያየሁት ነው። አንዲት ቃል አልጨመርኩም። አባቴን ያጠፋውም ይኸው ነው።

የምንኖረው ከእንጨት መሰንጠቂያው አጥር ጀርባ፣ ሠራተኞች ከሚከራዩዋቸው ባለሁለት ክፍል ቤቶች በአንዱ ነበር። ጠዋት መጋዙ ሲነሳ የመስኮታችን መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ሲቆም ዝምታው ጆሮ ያማል። ሰጋቱራ የማይደርስበት ቦታ አልነበረም። አልጋው ላይ አለ፣ ደብተሬ ውስጥ አለ፣ ሻያችን ላይ ይንሳፈፋል። እናቴ «ስሞት ሣጥን እንዳታሠሩልኝ፤ ሆዴ ውስጥ ያለው እንጨት ይበቃኛል» ትል ነበር።

አባቴ ትልቁ ክብ መጋዝ ላይ ነበር የሚሠራው። ግንዱን ወደ መጋዙ ጥርስ የሚገፋው እሱ ነው፤ ከማዶ ሆኖ የተሰነጠቀውን ጣውላ የሚስበው ደግሞ ሽቦ የሚሉት ቀጭን ሰውዬ። እውነተኛ ስሙን ሰምቼ አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ መጋዝ ላይ ፊት ለፊት ቆመዋል። በዚያ ጩኸት ውስጥ ቃል ስለማይሰማ የሚነጋገሩት በቅንድብ ነበር፤ ቤት ሻይ ሲጠጡም አንዳንዴ ይዘነጉትና በቅንድብ ያወራሉ። እናቴ ታዲያ «እናንተ ሰዎች፣ እያማችሁኝ ነው ወይስ ስኳር ጎደለ?» ትላቸዋለች።

በዚያ ዓመት ከሩቅ ቦታ ቀላ ያለ እንጨት መምጣት ጀመረ። ብናኙ እንደ ዱቄት የላመ ነው። አባቴን የተጣላው ይህ እንጨት ነበር። ዓይኑ አብጦ ይነጋል፣ አፍንጫው ቧንቧ ይሆናል፣ ማስነጠስ ከጀመረ አያቆምም፤ አንድ ጊዜ ቆጥሬለት አሥራ ሦስት ደርሷል። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ የሚባል ነገር ፋብሪካው ውስጥ አልነበረም። ሠራተኛው የሚስቱን ሻርፕ ያስርና ይገባል። ታመምኩ ያለ ሰው ደግሞ ከመጋዝ ይነሳና ወደ ጭነት ይዛወራል፤ የተዛወረ ተመልሶ አያውቅም። ስለዚህ አባቴ ሕመሙን ይደብቀው ጀመር። ለፎርማኑ ጉንፋን ነው አለው። ጉንፋኑ ሁለት ወር ቆየ።

አንድ እሑድ እጄን ይዞ ዋናው መንገድ ዳር ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄድን። ባለመድኃኒት ቤቱ ከመደርደሪያው ጀርባ ኳስ እያየ ነበር። አባቴ የሚያስነጥሰውንና የሚያሳክከውን ነገር ሁሉ በዝርዝር ነገረው፤ ሰውዬው እየሰማ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ብቻ እጁን ዘርግቶ አንድ ካርቶን ክኒን አስቀመጠለት። አባቴ እንዴት እንደሚወሰድ ጠየቀው። ሰውዬው ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል፣

«ወረቀቱ ውስጥ አለ» አለው።

አባቴ በዚህ አልከፋውም። ወረቀት ከሆነ እኔ አለሁ። በቤታችን ወረቀት ሁሉ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። እሱ ትምህርቱን ሦስተኛ ክፍል ላይ አቋርጧል፤ እናቴ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ስትቀጠር የፈረመችው በጣቷ ነው። እኔ ግን ከክፍሌ አንደኛ እወጣለሁ፣ የውጭ ቋንቋም ማንበብ ጀምሬያለሁ። አባቴ «ጠበቃዬ» ይለኝ ነበር። በመንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ «ጠበቃ ይዤ ነው የምሄደው፣ ተጠንቀቅ» እያለ ቤት ደረስን።

ሽቦ ቤታችን ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር። አባቴ ካርቶኑን ከፈተ፣ ስምንት ቦታ የታጠፈውን ወረቀት አወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በመዳፉ አስተካከለው። ሽቦን አፉን ዘግቶ እንዲሰማ አዘዘው።

ፊደሎቹ ጉንዳን ጉንዳን ያህላሉ። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች በውጭ ቋንቋ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሽቦ ቅንድቡን ወደ አባቴ አነሳ፤ አባቴም በቅንድቡ መለሰለት። በዚያ ዕድሜዬ ከዚያ የሚበልጥ ሽልማት አግኝቼ አላውቅም። ከዚያ ተረጎምኩላቸው፦ ማስነጠስንና ማሳከክን ያጠፋል፤ ለአዋቂ አንድ ፍሬ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በውኃ። ይህን በትክክል ነው ያነበብኩት።

አባቴ ወፍራም ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ፣ ከታች ያለው ረጅም ጽሑፍስ ምን ይላል አለኝ።

አየሁት። አላውቀውም። ረጃጅም ቃላት ነበሩ፣ አስተማሪያችን ያላደረሰችን። ሽቦ ያየኛል። የአባቴ ፊት እንደ በራ ነው።

«የፋብሪካው አድራሻ ነው» አልኩት።

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ ወደ ካርቶኑ መለሰው።

ዛሬ ያንን ጽሑፍ በቃሌ እወጣዋለሁ። እንቅልፍ ያመጣል። አፍ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል። ይህን መድኃኒት የወሰደ ሰው መኪና አይንዳ፣ በማሽን አይሥራ። ከተባለው መጠን አይለፍ። አልኮል አይጠጣበት። ማሽንን የሚመለከተው መስመር በደማቅ ቀለም ነው የታተመው። ባለመድኃኒት ቤቱ ሥራውን ለወረቀቱ አስረከበ፤ ወረቀቱ ደግሞ ለአሥር ዓመት ልጅ አስረከበ። የሚገዛው ሰው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ማንንም አያስጠነቅቅም። አምራቹ ፍርድ ቤት ቢቆም የሚያቀርበው የመከላከያ መልስ ነው። ይህን ሁሉ ብያለሁ፣ ጽፌያለሁ፣ በየስብሰባው ጠረጴዛ መትቻለሁ። ግን «የፋብሪካው አድራሻ ነው» ያለው ባለመድኃኒት ቤቱ አይደለም።

ክኒኑ ለአንድ ሳምንት ተአምር ሠራ። የአባቴ አፍንጫ ደረቀ፣ ዓይኑ ተገለጠ፣ እንደገና ያፏጭ ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት የቀላው እንጨት በዝቶ መጣና ማስነጠሱ ተመለሰ። ሽቦ በዚህ ጊዜ ነው ምክር የሰጠው፤ «አንድ ሚስማር ካልያዘ ሁለት ይመታል።» ሁለቱም ሳቁ። ዕድሜያቸውን ከእንጨት ጋር ለኖሩ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ምክር አልነበረም። እንጨት ላይ ሁልጊዜም ትክክል ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ ጠዋት ሁለት፣ ቀን ሁለት፣ ማታ ሁለት ይውጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ልጅ ያየውን አይደል የሚናገረው።

አባቴ ራት ላይ ዳቦ በእጁ እንደያዘ ሲያንቀላፋ አየሁ። አንድ ነገር ጠይቄው መልሱ እስኪመጣ ስጠብቅ፣ ሲመጣም ምላሱ እንደ ተሳሰረ ሆኖ ሲመጣ ሰማሁ። ሃያ ጊዜ ያለፈበትን መቃን በትከሻው ሲመታ አየሁ። ከንፈሩን ይልሳል፣ ውኃ ይጠጣል፣ እንደገና ከንፈሩን ይልሳል። ዓይኑ ቀይ ነው።

እናቴም አየች። እሷ ይህን ሁሉ ከዚህ በፊት አይታዋለች። እኔ አራት ዓመት እስኪሞላኝ አባቴ ይጠጣ ነበር፤ ግድግዳ እየተደገፈ ነበር የሚገባው። ከዚያ አንድ ቀን ተወው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብታ አልቀመሰም፤ እሷም ስድስት ዓመት ሙሉ ሳትናገር ስትጠብቅ ኖራለች። አሁን በሩ ላይ ጠብቃ ሸሚዙን የምታስተካክል መስላ አፉን ታሸታለች። ምንም አይሸትም። ይህ ያረጋጋት ይመስላችሁ ይሆናል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቼ ለጎረቤታችን ስትነግራት ሰማኋት፤ ድምፅዋ ደርቋል።

«ሽታ የሌለው ጀምሯል» አለቻት።

ሽታ የሌለው መጠጥ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር፤ ግን ከሁሉም መጠጥ የከፋው እሱ እንደሆነ ገባኝ። በማግስቱ የአባቴን ቱታ ከሚስማሩ አውርጄ አሸተትኩት። እንጨት ብቻ ይሸታል። እውነት ነው ማለት ነው አልኩ። እንዲህ ያለው ክስ መውጫ የለውም፤ ማስረጃ ከተገኘ ጥፋተኛ ነህ፣ ካልተገኘ የባሰ ጥፋተኛ ነህ። ትልልቅ ሰዎች በዚህ አመክንዮ አገር ያስተዳድራሉ፤ የአሥር ዓመት ልጅ ብትቀበለው ምን ይደንቃል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት በጊዜ ስንለቀቅ እናቴ የአባቴን ምሳ አስይዛ ላከችኝ። የምሳ ሰዓት ነው፣ መጋዙ ቆሟል። ሌሎቹ ጥላ ውስጥ ተቀምጠው እየበሉ እየተራረቡ ነው። አባቴ የለም። ስፈልገው ከጣውላው ክምር ጀርባ አገኘሁት፤ ብቻውን ነው። ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ ግራ አየ። ከደረት ኪሱ ጠፍጣፋ ጠርሙስ አወጣ። እጁን ወደ አፉ ወሰደ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጣለ፣ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ። ውስጡ ያለው ነገር ቀለም የለውም። ሽታ የሌለው ቀለም እንደማይኖረውም ገመትኩ።

ምሳውን ለዘበኛው ሰጥቼ ሮጥኩ።

ዛሬ ምን እንደነበር አውቃለሁ። ሁለት ክኒን፣ አንድ ጉንጭ ውኃ። የተደበቀው ከፎርማኑ ነው። ጠርሙሱን በኪሱ የያዘው አፉ ሲደርቅበት ስለሚውል ነው። ሁለት እርምጃ ብጠጋ ኖሮ፣ አባዬ ብዬ ብጠራው ኖሮ፣ ጠርሙሱን ሰጥቶኝ እጠጣለት ነበር።

ከዚያ በስምንተኛው ቀን መጋዙ በሥራ ሰዓት ቆመ። እናቴ የሌሊት ተረኛ ስለነበረች ቤት ናት፤ ጨርቅ እያጠፈች ነበር። እጇ አየር ላይ ቀረ። በመንደራችን መጋዝ ያለ ሰዓቱ ሲቆም ሴቶች ሁሉ በር ላይ ይወጣሉ።

የሆነውን ኋላ ነው የሰማሁት። የሽቦ ጓንት ጣውላው ላይ ባለ ስንጥር ተያዘ። በለመደው መንገድ መጀመሪያ ለአባቴ በቅንድቡ ነገረው። ከዚያ ጮኸ። ማጥፊያው ከአባቴ ግራ እጅ አንድ ስንዝር አይርቅም። አባቴ ሽቦን ያየው ነበር ይላሉ፤ እያየው፣ አንድ የጠፋበትን ነገር ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው ቆሞ ነበር። ሦስት ሰከንድ ያህል። የሽቦ አራት ጣት ሄደ።

በማግስቱ ፎርማኑ ቤታችን መጣ። ክላሰር ይዟል። ትሑት ሰው ነበር፣ እናቴን «እህቴ» እያለ፣ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ነው የገባው። አባቴ ከውስጠኛው ክፍል አልጋ ላይ ነበር። ፎርማኑ ቁጭ አለና፣ ሠራተኞቹ ሁሉ አባቴ ሰሞኑን ጤነኛ እንዳልነበረ እንደሚናገሩ፣ እሱ ግን አልጠጣሁም እንደሚል አስረዳ። እናቴን ጠየቃት። እናቴ አፉ አይሸትም አለች፤ ከዚህ ሌላ አላውቅም አለች። ይህን ለመናገር ምን ያህል እንደታገለች አሁን ነው የሚገባኝ።

ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረ።

«ልጅ አይዋሽም» አለ። «የኔ ልጅ፣ አባባ ሲጠጣ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

ትምህርት ቤት መልስ የምንሰጠው ቆመን፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ቆምኩ። «አዎ፣ ከጣውላው ክምር ጀርባ፣ በምሳ ሰዓት፣ ከጠፍጣፋ ጠርሙስ ሲጠጣ አይቼዋለሁ» አልኩ። ፎርማኑ እንዳልኩት ጻፈው። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

አባቴ ከውስጥ ወጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ውኃ ነው አለ። ፎርማኑ በርኅራኄ ፈገግ አለና ሁሉም ውኃ ነው እንደሚሉ ነገረው። አባቴ ስለ ክኒኑ አላነሳም። ለምን ያነሳል? ክኒኑ ለማስነጠስ ነው፤ ወረቀቱ ተነቧል፣ ክፉ ነገር የለበትም። እኔው ነኝ ያነበብኩለት። በዚያ በር ላይ የቆመው ሰው በራሱ ላይ ምን እንደደረሰበት ራሱም አያውቅም ነበር፤ አእምሮው እየከዳው እንደሆነ ነው የመሰለው። ፈርቶ ነበር። እኔ ያየሁት የሚያፍር ሰው ነው።

የፋብሪካው ሰዎች ምርመራ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። ስለ ቀላው እንጨት አንድ ቃል የለበትም፤ ስለ ሻርፑም፣ የተያዘ ሰው ራሱ ሊያጠፋው ስለማይችለው መጋዝም የለበትም። የእኔ ዓረፍተ ነገር ግን ከነጠርሙሱ አለበት። አንዲት ልጅ ስንቱን ሰው አሳረፈች።

አባቴ ከሥራ ከተባረረ በኋላም ክኒኑን አልተወም፤ ቤታችንም ሰጋቱራ ነውና። ቀን ቀን ይተኛል፣ ሲነሳ ግድግዳ ይይዛል። እናቴ ለጎረቤቷ በአገጯ ታሳያታለች። ከዚያ ካርቶኑ አለቀ። በአራተኛው ቀን ምላሱ ተፈታ፣ ዓይኑ ጠራ፣ ቀጥ ብሎ ተራመደ። ይህም በእሱ ላይ ሆነ። እናቴ «የሚጠጣው ሲያጣ ሰከነ» አለች፤ በሳምንቱም ልብሱን በሻንጣ አድርጋ በር ላይ አስቀመጠችለት።

ሲወጣ አልተጣሉም። አባቴ ጎንበስ ብሎ ራሴን ሳመኝ። «ያየሽውን ነው የተናገርሽው፤ ደግ አደረግሽ፣ ጠበቃዬ» አለኝ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ሌላ ከተማ ውስጥ የመጋዘን ጥበቃ እንደሆነ ሰማን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አንድ የማናውቀው ሰው ስልክ ደውሎ፣ ከሞተ ሦስት ሳምንት እንደሆነው፣ የሥራ ባልደረቦቹ እንደቀበሩት ነገረን። እናቴ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ስልኩን ዘጋችው። እኔ ፈተና ነበረብኝ። ወደ ፈተናዬ ሄድኩ።

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ላይ ክንዴን የሚያሳክክ ሽፍታ ወጣብኝና መድኃኒት ቤት ገባሁ። ወጣት ልጅ ናት ያስተናገደችኝ። ካርቶኑን ከመስጠቷ በፊት መኪና ትነጂያለሽ ወይ አለችኝ፤ ይህኛው የቆየው ዓይነት የአለርጂ መድኃኒት ነው፣ ያስተኛል፣ ማታ ብቻ ውሰጂው፣ አንድ ካልበቃሽ ተመለሺ እንጂ ሁለት እንዳታደርጊው፣ የማያስተኛ አዲስ ዓይነትም አለ፣ እሱን ልስጥሽ? አለችኝ። ይህን ሁሉ ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባትም። ካርቶኑን አየሁት። ስሙን አወቅኩት፤ የአባቴን ኪስ ሲያሳብጥ የከረመ ስም ነው። እዚያው ቆሜ ወረቀቱን አውጥቼ እስከ ታች አነበብኩ።

ከዚያ ልጅቷ ላይ ጮህኩባት። እስከ ዛሬ የት ነበርሽ አልኳት። ያኔ አልተወለደችም ይሆናል። ወንበር አመጣችልኝ፣ ውኃም ሰጠችኝ። እኔ ግን ይቅርታ እንኳ ሳልጠይቃት ወጣሁ።

ለእናቴ ለመንገር አንድ ወር ፈጀብኝ። ጡረታ ወጥታ ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው። ቀን ነው፣ አንሶላ እያጠፈች ነበር፤ አርባ ዓመት ያጠፈች እጅ ሥራ አይፈታም። ክርክር እንደማዘጋጅ አድርጌ በቅደም ተከተል ነገርኳት። ባለመድኃኒት ቤቱን ከሰስኩ፣ አምራቹን ከሰስኩ፣ ፎርማኑን፣ ፋብሪካውን። መጨረሻ ላይ ስለ አድራሻው ነገርኳት።

እናቴ አንሶላውን ማጠፍ አላቆመችም። አጥፋ ጨረሰች፣ በጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«አንድ ቀን መጥቶ ነበር» አለች። «ከሄደ በስድስት ወሩ። አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ። ቀኑን ሙሉ አጠገብሽ ልዋል፣ ምንም ስጠጣ ካየሽኝ አባሪኝ አለኝ። በሩን ዘጋሁበት። ደረጃው ላይ ተቀመጠ። በመስኮት አየው ነበር። ምንም አልጠጣም። ውኃም አልጠጣም። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ተነስቶ ሄደ።»

ለእኔ ለምን እንዳልነገረችኝ አልጠየቅኳትም።

«እሱን እየጠላሁ ነው ቆሜ ያሳደግኩሽ» አለች። «አሁን በዚህ ዕድሜዬ ከየት ጀምሬ ነው የማለቅስለት?»

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። ጠያቂ ፊት ነበር፤ ቤት ውስጥ ወረቀት ሲመጣ ወደ እኔ የምታዞረው ፊት።

«የት ነው የተቀበረው?» አለችኝ።

አላውቅም። ያኔ ሞቱን ሊነግረን የደወለው ሰው ሊያሳውቀን ይችል ነበር፤ ሁለታችንም አልጠየቅነውም።